ሰው የሌለበት ድምፅ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ በዚህ ብርድ አብረን ያረጀን የአንኮበር ሰዎች፤

ባለፈው የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ጠላው ቀርቦ ዳቦው ሳይቆረስ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ ወጣ። ያመመው መስሎን ነበር። ተከትዬው ብወጣ ከአጥሩ ጥግ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆሟል። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩን ለእናንተ እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል። ጎረቤላ ገበያ ላይ በሬውን ሽጦ ገንዘቡን በስልኩ አስቀምጦት ነበር። «በኪስ ይዞ ከመዞር ይሻላል» ብለው ልጆቹ የመከሩትን ሰምቶ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ አነሣው። የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ለመቀጠል 1ን ይጫኑ ይላል። ተጫነ። ቀጥሎ እውነተኛ ሰው መጣ፤ አንደበተ ርቱዕ፣ በየቃሉ መካከል «አባቴ» የሚል ወጣት። «አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለው። ወንድማችን መነጽሩን አስፈልጎ፣ ወደ ብርሃን ወጥቶ፣ አንዲት ሳያዛንፍ አነበበለት። ሲጨርስም መረቀው። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ እደግ፣ ተመንደግ» አለው። ማታ ሲያየው የበሬው ዋጋ የለም።

ገንዘቡን እንኳ እያደረ እየረሳው ነው። የሚያንገበግበው ምርቃቱ ነው። «በገዛ አፌ መረቅሁት እኮ!» ይላል ደጋግሞ።

እኔም ከእሱ አልሻልም፤ ልናዘዝ። ከእሱ ቀደም ብዬ እኔም ስልክ አንሥቻለሁ። «ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ። «አብሮ ይስጥልን፤ እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደኅና?» አልኋት። እሷ አልመለሰችልኝም፤ ወሬዋን ቀጠለች። ቸኩላ መስሎኝ «ተባረኪ» ብዬ ዝም ብዬ ሳዳምጥ የልጅ ልጄ ከጎኔ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አባባ፣ እሷ እኮ ሰው አይደለችም፤ ቅጂ ናት» አለችኝ። ታዲያ ሰው ካልሆነች ማን ነው ሰላም ያለኝ? ይህን ጥያቄ ልጅን መጠየቅ ያሳፍራል፤ አልጠየቅሁም። 1ን ተጫን ስትለኝ ግን ተጫንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞላሁት ካርድ በቀዳዳ እንስራ እንደተቀዳ ውሃ ሆነ። አንድ አጭር ቁጥር በየቀኑ ስለ ጤና፣ ስለ ዕጣ፣ ስለ ምን እንደሆነ የማላውቀው ምክር እየላከልኝ 2 ብር ይቆርጣል። የልጅ ልጄ እስክትደርስበት ሦስት ወር ሆኖታል። 2 ብር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በወር 60 ብር ናት፤ በዓመት 730። ለጡረተኛ ደግሞ የቀን ሁለት ብር ከመሶቡ እንደሚሞጨልፍ አይጥ ነው፤ አንድ ጉርሻ ስለሚወስድ አትነቃበትም፣ አንድ ጉርሻ ስለሚወስድም አይጠግብም።

ስልክ ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ፣ በ1882 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መኮንን ከጣልያን ይዘውት መጥተው ቤተ መንግሥት ሲሞከር፣ ካህናቱ ሰው በሌለበት ድምፅ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ደነገጡ ይባላል። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ሳስተምር ተማሪዎቼን ስንቴ አስቄበታለሁ! ያኔ እንኳ ከሽቦው ወዲያ ማዶ ሰው ነበረ። ዛሬ እኔ ሰላም ያልኋት ድምፅ ከወዲያ ማዶዋ ማንም የለም። የእነዚያ ካህናት ፍርሃት መቶ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ የመጣ ነው እንጂ ከንቱ አልነበረም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አንድ የጎረቤቴ ልጅ በትዕግሥት አስረድቶኛል፤ እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ። የእኛ ሀገር የእጅ ስልክ ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ ከዚያ ስምንት አኃዝ ይከተላል። ኮምፒውተሩ ስማችሁንም፣ አጥቢያችሁንም፣ ልጆቻችሁንም አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም። የመጨረሻዋን አኃዝ አንድ አንድ እየጨመረ ይደውላል። አይደክመውም፣ አያፍርም፣ ስለ ካርድ አያስብም። ያላነሣውን ያልፋል። ያነሣውን «ይህ ቁጥር ሕያው ነው» ብሎ ይመዘግባል። 1ን የተጫነውን ደግሞ «ይህ ይታዘዛል» ብሎ ለብቻው ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ዝርዝር በገበያ ይሸጣል። አንዴ ከመለሳችሁ በኋላ ጥሪው የሚበረክተው ለዚህ ነው። ተቆጥታችሁ ብትሰድቡትም ለእሱ ያው ነው፤ ስድቡን አይሰማም፣ ማንሣታችሁን ግን ይቆጥራል።

ከውጭ ሀገር ቁጥር አንዴ ብቻ ጮሆ የሚዘጋም አለ። ልጆቻችን በየሀገሩ ስለተበተኑ ልባችን ይዘልላል፤ መልሰን ስንደውል ሒሳባችን በደቂቃ ይነጉዳል፤ ከትርፉም ድርሻ የሚወስደው ያው ደዋዩ ነው። ጃፓኖች ስም አውጥተውለታል፤ ዋንጊሪ ይሉታል፣ አንዴ ደውሎ መዝጋት እንደ ማለት። የምታውቁት ልጅ ከሆነ ደግሞ ይደውላል። አትመልሱ።

ወጣቶች ምክራቸው አጭር ነው፤ «የማታውቁትን ቁጥር አታንሡ» ይሉናል። እነሱ ይችሉታል። እኛ ግን እንዴት አድርገን? ለእኛ ስልክ ማለት መርዶ ነው፤ ስልክ ማለት ዓረብ ሀገር ያለችው ልጅ ናት፤ እሷም ቁጥሯ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም በባልንጀራዋ ስልክ ትደውላለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ከልጆቻችን ጋር ያገናኘን ይኸው ተራ ጥሪ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ሌሊት ስልክ ሲጮህ እንዴት እንደምንነሣ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ነጠላ እንኳ ሳንደርብ ነበር። ያን ጭንቀታችንን ነው ማሽኑ የሚጠቀምበት። ሰውን በፍርሃቱ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ እኛን ግን በፍቅራችንም በጨዋነታችንም ይዘውናል።

ስለዚህ አታንሡ አልላችሁም። አንሡ። ግን በሩ ላይ አቁሙት።

የምንኖርበት ቦታ ስሙ በር ነው። አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት በር እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን አልዩ አምባ ላይ ያራግፍ ነበር። ቀረጡን ይከፍላል፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ወደዚህ ዳገት እግሩን አያነሣም። የቆላውን በር የሚጠብቁት የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ መድፉን፣ ጠመንጃውን፣ የስጦታ ሣጥኑን በግመል ጭኖ ሲመጣ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ሰው ነኝ ስላለ ብቻ አልገባም። ተጠየቀ፤ ቆመ፤ የንጉሡ ቃል እስኪወርድ ጠበቀ። ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረመው ኅዳር 1834 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ከወራት በኋላ። ማንም «ነውር ነው፣ እንግዳ አስቆማችሁ» አላለም። እንግዳ ተቀባይነት በር ጠባቂ ካለው ቤት ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን በር ይዘን እንዞራለን፤ ወላስማ ግን የለንም። እናም በገዛ በራችን ወላስማ እንሁን ነው የምለው። ስልኩን አንሥታችሁ ዝም በሉ። ሰው ከሆነ «ሃሎ፣ አባባ» ይላል፤ ማሽን ከሆነ ልክ እንደ ውኃ መፍሰስ ይጀምራል። ማን ነህ? ማን ላከህ? ምን ፈለግህ? በሉት። የማይመልስ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ በሩን ብትዘጉበት አልተሰደበም፣ አልተከፋም። እኛ ሰው ሲናገር ጆሮው ላይ ስልክ መዝጋትን እንደ ጥፊ እናየዋለን፤ እኔ እስከ ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል። ግን ይህ ጥፊ የሚያርፍበት ጉንጭ የለም።

ስለ አውራ ጣትም ልናገር። በወላጆቻችን ዘመን ፊደል ያልቆጠረ ሰው በአውራ ጣቱ ይፈርም ነበር። ቀለሙን ነክረው፣ እጁን ይዘው፣ ወረቀቱ ላይ ያሳርፉለታል። ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚያውቀው ያስፈረመው ነው። በዚያች ጣት ስንቱ ርስቱን አጣ! እኛ ስንማር «ከዚህ ወጣን» ብለን ነበር። ዛሬ 1ን የምንጫንበት ጣት ያችው አውራ ጣት ናት። ምን ላይ እንደፈረመች አታውቅም። አንኮበርን መናገሻቸው ያደረጉት ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በ1881 የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ አማርኛው ፈቃድ ሲል ጣልያንኛው ግዴታ ብሎ ተገኘባቸው፤ እሳቸው ሠራዊት ነበራቸውና ዐድዋ ላይ አስተካከሉት። እኔና እናንተ ምን አለን?

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም ይከፋል፤ ስለዚህ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እስካሁን ማሽኑ የሚያወራው በማናውቀው ሰው ድምፅ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር፣ አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር በሚባል ግዛት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ስልክ ተደወለላቸው። የተናገራቸው የያኔው ፕሬዚዳንታቸው የጆ ባይደን ድምፅ ነበር፤ በቅድመ ምርጫው ድምፅ አትስጡ ይላል። ባይደን ግን አልተናገሩም፤ ኮምፒውተር ነው ድምፃቸውን አስመስሎ የሠራው። በዚያው ወር፣ ጥር 30፣ የሀገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን እንዲህ ባለ በኮምፒውተር የተፈበረከ ድምፅ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መደወል ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ነገር ግን ውሳኔው የደዋዩን እጅ እንጂ የእኛን ጆሮ አይጠብቅም። የልጆቻችን ድምፅ በየሠርጉ ቪዲዮ፣ በየቲክቶኩ፣ በየፌስቡኩ ተበትኗል። ድምፅን ለማስመሰል የጥቂት ሰከንድ ቅጂ በቂ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ነገ ቨርጂኒያ ያለው ልጃችሁ በገዛ ድምፁ «እማዬ፣ ተይዣለሁ፤ ለዚህ ሰው ቶሎ ላኪለት» ቢላችሁ የወላጅ አንጀታችሁ ምን ይላል? አንጀት ቁጥር አይመረምርም።

ለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። አባቶቻችን የፈረስ ስም ነበራቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። ወንዱ በጦር ሜዳ፣ በፉከራ፣ በፈረሱ ስም ይታወቃል። እያንዳንዱ ቤት ዛሬ የፈረስ ስም ያውጣ። ከልጆቻችሁ ጋር በአካል ስትገናኙ፣ በስልክ አይደለም፣ ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። የድሮ በሬያችሁ ስም ይሁን፣ ልጁ ሕፃን ሳለ የወደቀበት ዛፍ ይሁን፤ ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል። «ተይዣለሁ» ሲል «የፈረስህ ስም ማን ነው?» በሉት። ማሽኑ የልጃችሁን ድምፅ ያውቃል፤ በሬያችሁን ግን አያውቀውም። ያላወቀ ከሆነ ዝጉ፤ ከዚያ በምታውቁት ቁጥሩ እናንተው ደውሉለት። እኔ ከልጆቼ ጋር አውጥቻለሁ። ሚስቴ ደግሞ ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝ ሌላ አላት፤ ይህም አይከፋም።

ሰው የሌለበት ድምፅ ሁሉ ጠላት ነው እንዳትሉ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የሚባለውን መስመር ከፍቶ ገበሬው ስለ ጤፉ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ገብሱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ አድርጎ ነበር። ለተመዘገበውም የተባይና የበሽታ ማሳሰቢያ ይላክለት ነበር። ከእኛ መካከል በዚህ የተጠቀመ አለ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ደግሞ ለማንም ብንደውል ከመጥራቱ በፊት «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ድምፅ ይቀድመን ነበር፤ አሰልችቶን ተማረርን፤ ምንም ግን አልወሰደብንም። ልዩነቱን ከዚህ ያዙ። ደኅናው ማሽን ይነግራል፤ ክፉው ይጠይቃል። ራሱ ደውሎላችሁ ተጫኑ፣ ንገሩን፣ አንብቡልን፣ ላኩልን ማለት የጀመረ ድምፅ የ8028ን ያህል ቢያምር ዝጉት።

ሕግ የለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ የሽያጭና የማስታወቂያ መልእክት የሚያሰራጭ በእስራትና በመቀጮ ይቀጣል ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጥቷል፤ ቁጥራችሁና ስማችሁ የእናንተ ነው፣ ያለ ፈቃዳችሁ አይቸበቸብም ማለት ነው። በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም አለ። ዳኛው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ሌባው የት እንዳለ አይታወቅም፤ እናንተ ያላችሁት እዚህ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይመስለኝም።

የሚደረገው ይህ ነው። ወደ ስልካችሁ በመልእክት የሚመጣ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው፤ ለማንም አይነበብም። ባንክም ሆነ ቴሌ ነኝ ለሚል፣ ለቀበሌ ሰው፣ ለቄስም ቢሆን አይነበብም፤ እውነተኛው ባንክ አይጠይቃችሁም። «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ከመጣ ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ሳታዩ አንዲት ሳንቲም አትመልሱ፤ የደረሳችሁ መልእክት ራሱ ተፈብርኮ ሊሆን ይችላል። የሚደውሉላችሁን አትመኑ፤ ዘግታችሁ እናንተው ደውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ ቴሌብር 127፤ ሳፋሪኮም 700፤ ንግድ ባንክ 951። በወረቀት በትልቁ አስጽፋችሁ ከስልኩ ጀርባ በፕላስተር ለጥፉት። በየቀኑ የሚቆርጥ አጭር ቁጥር ካለ ለዚያው ቁጥር በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» (STOP) ተብሎ ይላካል። አራት ፊደል ናት፤ እኔን ግን ግማሽ ቀን ወስዳብኛለች። ገንዘብ ተወስዶ ከሆነ ነገ አትበሉ፣ ምሳ ልብላ አትበሉ፤ በዚያችው ሰዓት ደውላችሁ አሳግዱ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጽፋችሁ ለፖሊስ ስጡ።

አንድ ነገር ግን በቁጥር አይፈታም። ወንድማችን ይህ ከደረሰበት ሁለት ወር አልፎታል። ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው «ልጆቼ ስልኬን ይወስዱብኛል» አለኝ። ስልኩን ከወሰዱበት ከማን ጋር ሊያወራ ነው? ገንዘቡንስ ማን ሊይዝለት? አርጅቶ እንደ ልጅ ሊያዝ መሰለው፤ ፈራ። እሱ ዝም ባለበት ሁለት ወር ውስጥ ያው ድምፅ ከእኛው ማኅበር ሌላ ሁለት ቤት ደውሏል። አንዷ ሰጥታለች። እሷም ዝም ብላለች። ሦስታችን አንድ ጠላ እየጠጣን፣ አንድ ምስጢር ለየብቻችን ይዘን ተቀምጠን ነበር። እኔንም ጨምራችሁ ቍጠሩ፤ የሁለት ብሩን ጉድ ከልጅ ልጄ በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ልጆቻችን ቢቆጡን ይቆጡ። ዕድሜያችንን ሙሉ በር አንኳኩቶ የመጣውን ሁሉ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ስንል ኖረናል፤ በዚህ የሚያፍር ካለ ያንን ልማድ የሰረቀው ይፈር።

በሚቀጥለው ወር በ27 ማኅበሩ እኔ ጋ ነው። የልጅ ልጄ ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ይዛ ትቀመጣለች፤ የእያንዳንዳችሁን ስልክ እያየች የሚቆርጠውን አጭር ቁጥር ታስቆማለች፣ አራቱን ቁጥሮች በትልቁ ጽፋ ትሰጣችኋለች። ወንድማችንም የደረሰበትን በራሱ አፍ ሊነግራችሁ ቃል ገብቷል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ መነጽራችሁን ሳትረሱ ኑ።